ወኔዬ በእረፍት ብቻ አልተመለሰም

ይህን የምጽፈው ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ እግሩ አልታዘዝ ላለው፣ ሥራውን ለመልቀቅ ግን አቅም ለሌለው ሰው ነው። እኔ መርካቶ ባለ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ለዓመታት በገንዘብ መስኮት ተቀምጬ ሠርቻለሁ። «ባንክ ቤት እየሠራህ ምን ጎደለህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አፌን አስይዞኛል። ደመወዙ ከብዙ መሥሪያ ቤት ይሻላል፣ የቤት ብድር አለው፣ ቦነስ አለው። ስንት ወጣት ዲግሪውን ይዞ ሥራ በሚፈልግበት ከተማ «ሥራዬ አስጠላኝ» ማለት እንደ ጥጋብ ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ውጠን እንይዘዋለን፤ የተዋጠው ነገር ግን ቀስ እያለ ከቤት፣ ከትዳር፣ ከጤና ላይ ይወጣል።

ነገሩ አንድ ቀን ድንገት የመጣ አልነበረም። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ተተኩ፣ ባለ 200 ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፣ አሮጌውን ለመለወጥም የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ያንን ጊዜ መገመት አያቅተውም። ነጋዴው ብሩን በማዳበሪያ ይዞ ይመጣል፤ ሰልፉ ከበር ወጥቶ አስፋልቱን ይይዛል፤ ኮሮናም ስለነበር ማስክ አጥልቀን በመስታወት ውስጥ እየጮኽን ነበር የምንነጋገረው። ማታ ሒሳቡ ሳይገጥም ማንም አይወጣም። ብር ከጎደለ የሚሞላው ከገንዘብ ከፋዩ ኪስ ነው።

ያ ሁሉ ሆኖ ያን ጊዜ አልተሰበርኩም። ሰውነቴ ዝሎ ቤት እገባለሁ፣ ጠዋት ግን ተነስቼ እሄዳለሁ፤ ከባልደረቦቼ ጋር ቡና እየጠጣን እንስቃለን። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድካሙ ማለቂያ ነበረው። ታኅሣሥ ላይ ያበቃል ተባለ፣ አበቃም። እያንዳንዱ ቀን ወደዚያ ያቀርበን ነበር፤ ሥራችንም ለሰው እንደሚጠቅም በዓይናችን እናየው ነበር።

የሰበረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ታርጌት። ይህን ያህል ተቀማጭ አምጡ፣ ይህን ያህል አዲስ ሒሳብ አስከፍቱ፣ ይህን ያህል ደንበኛ ሞባይል ባንኪንግ አስጀምሩ። ሰኔ ላይ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሁላችንም ዘመድ አዝማድ ስንለምን እንከርማለን፤ «ለሰኔ መዝጊያ ብቻ አስቀምጪልኝ፣ ሐምሌ ላይ ታወጪዋለሽ» ያላልኳት የአጎት ልጅ የለችኝም። ታርጌቱ ሲመታ እፎይ የሚባልበት ቀን የለም። ሐምሌ ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፣ ቁጥሩ ደግሞ ካለፈው ዓመት ይበልጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቅርንጫፉ የቴሌግራም ግሩፕ ማን ስንት እንዳመጣ በስም ዝርዝር ይለጠፋል። እራት እየበላሁ ስልኬ ሲንጫረር ልቤ ይመታ ጀመር።

ምልክቶቹን እንዳየኋቸው ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንዳንዱን ታውቁት ይሆናል። እሁድ ከቀትር በኋላ ሆዴ መታሰር ይጀምራል። ማታ ደክሞኝ እተኛለሁ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ይህኛው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ድካም ነው። ሁለተኛው ግን አስፈራኝ። ልጃቸው ከቤሩት የምትልክላቸውን ሐዋላ በየወሩ የሚወስዱ አንዲት እናት ነበሩ፤ እንደ እናቴ ነበር የምቀበላቸው፤ ፎርሙን ሞልቼላቸው፣ ብሩን ፊታቸው ቆጥሬላቸው፣ መርቀውኝ ነው የሚሄዱት። ከጊዜ በኋላ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ተውኩ። ሰው ሁሉ ቁጥር ሆነብኝ። የሚጠይቅ ሰው ያበሳጨኛል፣ የሚያመሰግነኝም አይሰማኝም። ሦስተኛው ደግሞ ዝምተኛ ነበር። የምሠራው ምንም ነገር ዋጋ እንደሌለው፣ እኔም ለዚህ ሥራ የማልረባ እንደሆንኩ ማመን ጀመርኩ፤ የሥራ ግምገማዬ ግን ጥሩ ነበር።

ኋላ ላይ እንዳነበብኩት ሦስቱ ነገሮች በዘፈቀደ የመጡብኝ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ፣ በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ጫና የሚመጣውን፣ በእንግሊዝኛ «በርንአውት» (burnout) የሚባለውን ይህን ሁኔታ የሚገልጸው በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ነው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በአእምሮ መራቅ ወይም መጥላት፣ የሥራ ውጤታማነት ስሜት መቀነስ። ድርጅቱ በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ ከሥራ ጋር ብቻ የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ከዚያ ቀደም ክርስቲና ማስላክ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት መለኪያም በእነዚህ ሦስት ዘርፎች ላይ የቆመ ነው። ይህን ማወቄ እንደ ትልቅ እፎይታ ነበር። ስንፍናም፣ ጥጋብም፣ የእምነት መጉደልም አይደለም፤ ሌሎችም የሚያውቁት፣ መልክ ያለው ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህን አጥብቄ የምለው «ሥራ ነው ያደከመኝ» እየተባለ የሚታለፍ ሕመም ስላለ ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባት፣ ስኳር፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን አዝለው ተስፋ ሊያስቆርጡት ይችላሉ፤ አብዛኛው በደም ምርመራ ይታወቃል። የእኔ የደም ውጤት ደህና ሆኖ ግፊቴ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ቀጥለው የጠየቁኝን ጥያቄ እስካሁን ለሰው እነግራለሁ፦ «ከሥራ ውጭ ያለው ነገርስ? ምግብ ይጥምሃል? ከልጅህ ጋር ስትጫወት ደስ ይልሃል?» እኔን ደስ የሚለኝ ነገር ቀንሷል እንጂ አልጠፋም ነበር። ለአንዳንዱ ሰው ግን ሁሉም ነገር ጨልሞበት፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ሐዘንና ባዶነት ከተጫነው፣ ያ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ድባቴ ደግሞ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። በተለይ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ለነገ ሳይል ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ አብሮት የሚሄድ ሰው ይዞም ወደ ሕክምና ይሂድ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እናቴ ጠበል እንድገባ ጠይቃኝ ነበር፣ ገባሁም፤ የማለዳው ጸጥታና ጸሎቱ ልቤን አሳርፎልኛል። ሐኪሙም ይህን ስነግራቸው «አንዱን ስትይዝ ሌላውን አትተው» ነው ያሉኝ።

ቀጥሎ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። እዚህ ላይ በግል ድርጅት የምትሠሩ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ በየሁለት ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ፈቃዱን ሊተው መስማማት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ሊራዘም ቢችልም ከሁለት ዓመት በላይ አይራዘምም። ብዙ ሰው ፈቃዱን እንደ ውለታ ይለምነዋል። መብት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩበት ሕግ የተለየ ስለሆነ የራሳችሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።

አሰላ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አሰላ ብርዳማ ነው፤ ገብሱና የጭላሎ ተራራ ከአዲስ አበባ ጫጫታ በኋላ ሌላ ዓለም ነው። አክስቴ ምንም አልጠየቀችኝም። በሶ በጥብጣ ትሰጠኛለች፣ ቆሎ ትቆላለች፣ እኔ እተኛለሁ። መጀመሪያ ላይ ቀንም ሌሊትም ተኛሁ። ከዚያ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ምግብ መጣም ጀመረኝ፣ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብዬ በእግሬ እሄዳለሁ። ድኛለሁ ብዬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

መስኮቱ ላይ በተቀመጥኩ ሳምንት ሳይሞላኝ ያው ነገር መልሶ ያዘኝ። ያን ጊዜ ተስፋ ልቆርጥ ነበር፤ «እረፍት እንኳ ካላዳነኝ ምን ያድነኛል?» አልኩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። እረፍት የፈወሰው ከሦስቱ አንዱን፣ ድካሙን ብቻ ነው። ከሰው መራቄንና የምሠራው ዋጋ የለውም የሚለውን ስሜት አልነካቸውም፤ እነሱን ያመጣቸው የእንቅልፍ ማጣት አልነበረማ። ያመጣቸው ማለቂያ የሌለው ሥራ፣ ውጤቱ የማይታይ ልፋት፣ እና ማታ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ የሚመጣው ስልክ ነው። እነሱ ባሉበት ናቸው፤ ስለዚህ እኔም ወደነበርኩበት ተመለስኩ። ይህን ስረዳ «እንዴት ልረፍ?» የሚለውን ጥያቄ ትቼ «ከዚህ ውስጥ ምኑ ይለወጣል?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስልኩ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የግሩፑን ድምፅ ዘጋሁ። ለሥራ አስኪያጃችን አስቀድሜ ነገርኳቸው፦ «አስቸኳይ ነገር ካለ ይደውሉልኝ፣ በማንኛውም ሰዓት አነሳለሁ፤ ግሩፑን ግን ጠዋት ነው የማየው።» አልተቆጡም። እውነቱን ለመናገር ሲደውሉልኝም አላስታውስም። አስቸኳይ የሚመስለው አብዛኛው ነገር እስኪነጋ ይጠብቃል።

ሁለተኛው የሥራ ቦታ ለውጥ ነው። «ደክሞኛል» ብሎ ለአለቃ መንገር እምብዛም አይጠቅምም፤ እሳቸውም ደክሟቸዋል፣ በላያቸው ታርጌት አለ። እኔ ያልኩት «ለአንድ የበጀት ዓመት ከመስኮት ወደ ኋላ ክፍል፣ ወደ ሒሳብ ማስታረቅ ልዛወር፤ መስኮቱን የምትረከበውን ልጅ እኔ አለማምዳለሁ» ነው። የምፈልገው ግልጽ ነው፣ ቅርንጫፉ ምን እንደማይጎድልበትም ግልጽ ነው። ጥያቄው ያለው ጊዜው ላይ ነው። ሰኔ ላይ የሚጠይቅ ሰው ሰሚ አያገኝም፤ ሁሉም ሰው መዝጊያ ላይ ነው። ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ ግን የዓመቱ ዕቅድና ዝውውር ይሠራል፤ ያኔ በጽሑፍ አስገቡ። የቃል ጥያቄ ይረሳል። የእኔ መጀመሪያ ላይ «እናያለን» ተባለ፤ በደብዳቤ ሳስገባው ነው ውሳኔ ያገኘው።

ሒሳብ ማስታረቅ ለብዙዎች አሰልቺ ሥራ ነው። እኔን ግን አቆመኝ። ያልገጠመ ሒሳብ አለ፣ ትፈልጋለህ፣ ታገኘዋለህ፣ ይዘጋል። ጠዋት ያልነበረ ነገር ማታ ተሠርቶ ታየዋለህ። ስለዚህ የሥራ ቦታ መቀየር የማትችሉ ሰዎች ብትሆኑ እንኳ በቀናችሁ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ አንድ ነገር ፈልጉ። መምህር ከሆናችሁ የአንድ ተማሪ መሻሻል፣ ነርስ ከሆናችሁ ቁስሉ ሲድን የምታዩት አንድ ታካሚ። የማያልቀው ሥራ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ከሌለ ልብ የሚይዘው ያጣል።

አሁን ብዙ ስለማይወራበት ነገር ልናገር፤ ስለ ሠራተኛ ብድር። በባንክ ቤት ብዙዎቻችንን አስሮ የያዘን እሱ ነው። ቤት የገዛነው በሠራተኛ ወለድ ነው፤ ከለቀቅን ወለዱ ወደ ደንበኛ ወለድ ይቀየራል። «መውጣት አልችልም» የሚለው ሐሳብ ብቻውን ሰውን ያደክማል። እኔ ይህን ለዓመታት በፍርሃት ብቻ ተሸክሜዋለሁ፤ አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ውሉን አውጥተን አነበብነው፣ አሰላነው። እንዴት እንደሚሰላ ለማሳየት ያህል ምሳሌ ልስጥ፦ 1 ሚሊዮን ብር በ20 ዓመት የሚከፈል ብድር ወለዱ 7 በመቶ ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው ወደ 7,750 ብር ነው፤ ወለዱ 16 በመቶ ቢሆን ወደ 13,900 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ግን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ስናውቀው ሌላ ቦታ ስንት ደመወዝ ባገኝ መልቀቅ እንደምችል አወቅን፤ እስከዚያ ድረስ መቆየቱ እንደሚሻለንም ተስማማን። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሥራው አልቀለለም። ግን የምቆየው ወስኜ ነው፤ ይህ በሰውነቴ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማመን ይከብዳል። የእናንተ ገመድ ምናልባት ብድር ላይሆን ይችላል፤ የወንድም የትምህርት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ወደ ገጠር የሚላክ ብር ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ከሥራ ውጭ ያለው ደስታ የተመለሰው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ላይ ፍላጎቱ እስኪመጣ እጠብቅ ነበር። የጎረቤት ቡና ሲጠሩኝ «ደስ ሲለኝ እመጣለሁ»፣ ጓደኞቼ ኳስ ሲጋብዙኝ «ሌላ ጊዜ»። ፍላጎቱ አልመጣም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስሜቱ ሳይጠበቅ ትንንሽ ተግባራትን በጊዜ ሰሌዳ በመያዝ ሰውን የሚያነቃቁበት የሕክምና ዘዴ አላቸው፤ ሐኪሙ የመከሩኝም ይህንኑ ነበር፦ «ደስ ባይልህም ሂድ፤ ግን ትንሽ ይሁን፣ ቀኑና ሰዓቱም የታወቀ ይሁን።» ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የጎረቤት ቡና ላይ እቀመጣለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ስኒ ብቻ፣ ከአቦሉ በኋላ እነሳለሁ። ማታ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ፤ ይህች ትንሽ መንገድ ሥራውን ከቤቴ ደጅ ውጭ እንድተወው ረዳችኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የጎረቤታችን ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ የሚኒስትሪ ፈተና ይጠብቃታል፣ ሒሳብ አስጨንቋታል። እናቷ «ወንድሜ፣ አንተ ቁጥር ትወዳለህ፣ እባክህ አሳያት» አለችኝ። እምቢ ልል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ብዬ ጀመርኩ። ክፍልፋይ ላይ ተይዛ ነበር፤ ሙሉ ቁጥር ስትደምር ፈጣን ናት፣ ታችኛው ቁጥር ሲለያይ ግን ትደነግጣለች። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃዎች እየቆጠርን፣ ዳቦ እየቆረስን ተለማመድን። አንድ ቀን እኔ ሳልናገር ራሷ ሠርታ ጨርሳ፣ አረጋግጣ፣ ቀና ብላ አየችኝ። ያ ፊት ለእኔ ከየትኛውም ቦነስ ይበልጣል። ለካ እኔ ባንክ የገባሁት ቁጥርና ሰው ስለምወድ ነው፤ በታርጌቱ ውስጥ ሁለቱም ጠፍተውብኝ ነበር። ወኔ መመለስ የጀመረበትን ቀን ንገረን ብትሉኝ ያንን ቅዳሜ ነው የምጠራው።

ለቤተሰብም የምለው አለኝ። ባለቤቴ ያደረገችልኝን አልረሳም። «ምን ሆነሃል?» የሚለውን ጥያቄ ቶሎ ተወችው፤ መልስ እንደሌለኝ ገብቷት ነው። ይልቅ «ነገ ሾላ ገበያ አብረኸኝ ሂድ፣ ዘምቢሉ ይከብደኛል» ትለኛለች። «ሰው እንዳንተ ዕድል ቢያገኝ» የሚለውን ንግግር ዘመድ ሲጀምር ወሬ ትቀይርልኛለች። በዚህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ምክር ከማብዛት አንድ ሸክም አንሱለት፤ እድር ሄዳችሁለት ቁጭ በሉለት፣ የልጁን ትምህርት ቤት ስብሰባ ተካፈሉለት።

ዓመቱ ሲያልቅ በራሴ ጥያቄ ወደ መስኮት ተመለስኩ፤ ግፊቴም ወርዷል። የቤሩቷ ልጅ እናት አሁንም ይመጣሉ፤ በሞባይላቸው ሐዋላው ሲገባ የሚመጣውን መልእክት ራሳቸው እንዲያነቡ አስተምሬያቸዋለሁ፣ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ጮክ ብለው ይነግሩኛል። ሁሉም ነገር ግን ተስተካክሏል አልልም። ታርጌቱ አለ፣ ሰኔ አሁንም ከባድ ነው፣ ሌሊት የምነቃባቸው ሳምንታት አሉ። ልዩነቱ እሁድ ከቀትር በኋላ ሆዴ መታሰር ሲጀምር አሁን ቶሎ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ከቀጠለ የሆነ ነገር አወርዳለሁ፣ ለሥራ አስኪያጃችንም እነግራቸዋለሁ።

አዲስ ሠራተኞች ወደ ቅርንጫፋችን ሲመጡ የማደርገው ነገር አለ። ብር አቆጣጠርና ሲስተም ካሳየኋቸው በኋላ የፈቃድ ፎርም አምጥቼ ነሐሴ ላይ የሚወስዱትን ቀን ከሰኔ በፊት እንዲያስሞሉ አደርጋለሁ። አንዳንዶቹ «ገና ገባን እኮ» ይሉኛል። ቀኑን አብረን በቀን መቁጠሪያው ላይ እናከብበዋለን፣ ፎርሙን ደግሞ እኔ ራሴ ይዤላቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እገባለሁ።